ለምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ድጋፍ መጠየቅ፦ ከሐዋሳ ሆኖ ፕሮፖዛል ለሚጽፍ

ሐዋሳ ብዙ የሚጠና ከተማ ነው። ሐይቁና ዓሣው ይጠናል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ይጠየቃሉ፤ ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ መጠይቅ ይቀርብለታል፤ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ታብሌት የያዘ መረጃ ሰብሳቢ በእንሰት ጓሮ መካከል ሲያልፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ከተባሉት 8 ተቋማት አንዱ ስለሆነ፣ መጠይቁ ወደፊት ይበዛል እንጂ አያንስም። ከሰው መረጃ የሚሰበስብ ጥናት ሁሉ የሚጀምረው አንድ ሰው ሌላውን «ፈቃደኛ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚያቀርብ፣ እምቢታን እንዴት እንደሚቀበል፣ የሰበሰበውን ስምና ስልክ ቁጥር የት እንደሚያስቀምጥ ጠያቂውን ማን አስተማረው?

ይህን ለማስተማር ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ገንዘቡን የሚያጣው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩን የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ችግሩን እያወቀ ፕሮፖዛሉ ላይ የሚጽፈው ሌላ ነገር ሆኖበት ነው። ስለ ሐዋሳ እያሰበ ስለ ዓለም ይጽፋል።

በመጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ እንለይ። በአማርኛ «የምርምር ሥነ ምግባር» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ እናስራለን። አንደኛው የተጠኚው ሰው መብትና ደኅንነት ነው፤ ፈቃድ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ጉዳትንና ጥቅምን ማመዛዘን። ሁለተኛው የተመራማሪው ሐቀኝነት ነው፤ መረጃ መፍጠር፣ መረጃ ማዛባት፣ የሌላውን ሥራ መቅዳት፣ ያልሠራን ሰው ደራሲ ማድረግ። ሦስተኛው የእንስሳት አያያዝ ሲሆን፣ የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ዋዛ አይደለም። እዚህ መስክ መሠረቱ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆች ናቸው፦ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቃለል። ሦስቱንም በአንድ ሥልጠና ጨፍልቆ ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው። ገምጋሚው «ይህ ሰው የቱን ሊለውጥ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ያጣል። አንዱን ምረጡ። ሁለተኛውን ከጨመራችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በዚህ መስክ ረጅም ታሪክ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አካል የሆነው ፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የምርምር ሥነ ምግባር ትምህርትንና ሥርዓተ ትምህርት ቀረጻን ሲደግፍ ቆይቷል። በአውሮፓ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ አጋርነት በአፍሪካ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎችን አቅም ለመገንባት የተለዩ ጥሪዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ አሁን ቦታውን የያዘው በ2021 የተቋቋመው ግሎባል ሄልዝ ኢዲሲቲፒ 3 ነው። ከእነዚህ ሌላ የዩኒቨርሲቲው የራሱ የምርምር በጀት አለ። ትንሽ ነው ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚንኳኳው በር እሱ መሆን አለበት እላለሁ፤ በራሱ ገንዘብ አንድ ትንሽ ኮርስ ሞክሮ ውጤቱን የያዘ አመልካችና ባዶ እጁን የመጣ አመልካች እኩል አይታዩም።

የውጭውን ገንዘብ እንደ ዘላቂ ምንጭ መቁጠር አደገኛ መሆኑን በቅርቡ አይተናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል አልፎ ለውጭ አጋሮች የሚሰጠውን ንዑስ ድጋፍ አሠራር እንደሚለውጡ፣ አዲሱ ሥርዓት እስኪዘረጋም በአሮጌው መንገድ አዲስ ድጋፍ እንደማይሰጡ አስታወቁ። በዚህ መንገድ ብቻ የታሰበ ዕቅድ ያለው ሰው እንደገና ማሰብ ነበረበት። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ስትጽፉ የአንዱን ለጋሽ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ለማንም ሊቀርብ የሚችል አምስት ገጽ የራሳችሁ ሰነድ ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ችግሩ መግለጫ እንምጣ። አብዛኛው ፕሮፖዛል ከኑረምበርግ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1947 በናዚ ሐኪሞች ችሎት ስለወጣው የምርምር ድንጋጌ ያወራል፤ ቀጥሎ ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ጥቁር አሜሪካውያን የቂጥኝ ሕሙማን ያለ ሕክምና የተተዉበትን የተስኪጊ ጥናት ይተርካል፤ ቀጥሎ የዓለም ሕክምና ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ይመጣል፤ ሐዋሳ አራተኛው ገጽ ላይ ብቅ ትላለች። ገምጋሚው ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የእናንተን ግቢ ነው። (የሄልሲንኪ መግለጫን የምትጠቅሱ ከሆነ ደግሞ በጥቅምት 2024 የተሻሻለውን ጥቀሱ። የ2013ቱን ብቻ የጠቀሰ ፕሮፖዛል ከድሮ ፋይል የተገለበጠ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።)

በግቢው ምን አለ? መልሱ የሚገኘው ጥናት ከመጀመሩ በፊት ሥነ ምግባሩን አይቶ ፈቃድ ከሚሰጠው ከገምጋሚ ቦርዱ መዝገብ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ፕሮቶኮል (የጥናት ዕቅድ) ገባ? ስንቱ ለማስተካከያ ተመለሰ? የተመለሰበት ምክንያት ምን ነበር፦ የስምምነት ቅጹ ቋንቋ፣ የናሙናው አወሳሰድ፣ የምስጢር አጠባበቁ? ከገባበት ቀን እስከ ፈቃድ ደብዳቤው ስንት ቀን ወሰደ? ቅጹ በሲዳሙ አፎ የተዘጋጀው ስንቱ ነው? ከጸደቀ በኋላ ቦርዱ መስክ ወጥቶ ያየው ጥናት አለ? የቦርዱን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተመራማሪዎቹን ስም ሳትነኩ ቁጥሩን ብቻ ውሰዱ። ከዚህ የሚወጣ አንድ ሠንጠረዥ ስለ ግንዛቤ እጥረት ከተጻፈ ሦስት ገጽ ይበልጣል። «የግንዛቤ እጥረት አለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በማንኛውም አገር፣ ስለ ማንኛውም ነገር ሊጻፍ ይችላል። «ከተመለሱት ፕሮቶኮሎች አብዛኞቹ የተመለሱት ተሳታፊው የሚናገረው ቋንቋ ሌላ፣ ቅጹ የተጻፈበት ቋንቋ ሌላ ስለሆነ ነው» የሚለው ግን፣ መዝገቡ እንደዚያ የሚል ከሆነ፣ የእናንተ ብቻ ነው። መፍትሔውንም አብሮ ይዞ ይመጣል።

አካባቢን ማወቅ ለሥነ ምግባር ምን እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ ወላይታ ውስጥ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው እግርን የሚያሳብጥ በሽታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በመሄድ የሚመጣ ነው፤ ሆኖም በዚያው አፈር ላይ ከሚሄዱት ሁሉም አይታመሙም፤ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወረስበት ሁኔታ አለ። ተመራማሪዎች ይህን የዘር ጉዳይ ለማጥናት ሲነሡ አንድ ችግር ገጠማቸው። ኅብረተሰቡ ሕመምተኞችን ቀድሞውኑ ያገልላል፤ ከቤታቸው መጋባት የማይፈልግም ብዙ ነው። ሳይንቲስት መጥቶ «በሽታችሁ በዘር ነው» ሲል መገለሉ ቢብስስ? ስለዚህ ደም ከመውሰዳቸው በፊት በአካባቢው አጭር የሥነ ምግባር ዳሰሳ አደረጉ፤ ሕሙማንን፣ የአካባቢ መሪዎችንና ባለሙያዎችን አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሰዎች ለመሳተፍ ሲወስኑ የሚመዝኑት ወረቀቱን ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ሲረዳቸው በኖረው የአካባቢው ድርጅት ላይ ያላቸው እምነት፣ የመገለል ፍርሃትና ከጥናቱ የሚጠብቁት ጥቅም ውሳኔያቸው ውስጥ ይገቡ ነበር። የስምምነቱ ሂደት ከዚህ ተነሥቶ ተቀረጸ። መረጃው አስቀድሞ ለኅብረተሰቡ ይነገራል፤ ስለ ዘር የሚባለውም በጥንቃቄ ይብራራል።

ይህን ያነሣሁት ተግባራዊ ስለሆነ ነው። ወላይታ ውስጥ የተደረገው ነገር ለሐዋሳ ተማሪ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይሆናል፤ ፊርማ በማይለመድበት፣ የቤተሰብ ራስ በሚጠየቅበት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እምቢ በማይባልበት ቦታ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ያወያያል። በፕሮፖዛላችሁ ውስጥ «በአገር ውስጥ ጉዳዮች ላይ የተመሠረቱ የማስተማሪያ ታሪኮች እናዘጋጃለን» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ጽፋችሁ አባሪ አድርጉት። ገምጋሚው ተስፋ ሳይሆን ናሙና ያያል። ከአገር ውስጥ ሰነዶች ደግሞ ሁለቱን አትርሱ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን አምስተኛውን እትም ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ፣ እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን። አዋጁ ገና አዲስ ነው። የተሳታፊዎችን ስልክ ቁጥር በቴሌግራም ቡድን የሚለዋወጥ መረጃ ሰብሳቢ ስለ አዋጁ ሊማር ይገባል፤ የትምህርቱ ይዘት ላይ መጻፉ ፕሮፖዛሉን አዲስ ያደርገዋል።

ማንን ታስተምራላችሁ? አብዛኛው ሰው ወዲያው «የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች» ይላል። ተገቢ ነው፤ ግን ተማሪው የሚማረው ከአማካሪው ነው። አማካሪው «ይህን ቅጽ ለቦርዱ ብቻ ሙላው፣ መስክ ላይ ጊዜ አታባክን» ካለው የሦስት ቀን ሥልጠናው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይፈርሳል። ስለዚህ አማካሪዎች፣ የቦርዱ አባላት፣ የቦርዱ ጸሐፊና በቀን ተከፍሏቸው የሚሠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች በዕቅዱ ውስጥ ይኑሩ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ፈጽሞ የሚረሱት ናቸው፤ ከተሳታፊው ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጡት ግን እነሱ ናቸው። ለመጠን ያህል፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በገንዘባቸው ለሚሠለጥኑ ሰዎች የሚጠይቁት ኃላፊነት የተሞላበት ምርምር ትምህርት ቢያንስ 8 የገጽ ለገጽ ሰዓት ነው፤ በእያንዳንዱ የሙያ ደረጃ፣ ቢበዛ በአራት ዓመት አንዴ መደገም አለበት። የበይነ መረብ ኮርስ ብቻውን አይበቃም ባዮች ናቸው። ትክክል ይመስለኛል። ለመሠረታዊ ዕውቀት ግን ነፃ የበይነ መረብ ኮርሶች ስላሉ፣ ያንን እዚያ አስጨርሳችሁ የገጽ ለገጽ ሰዓቱን ለውይይት ተጠቀሙበት። ገንዘብም ይቆጥባል።

ለውጡን እንዴት እንደምትለኩ ሲጠየቅ ብዙ ፕሮፖዛል «ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ፈተና እንሰጣለን» ብሎ ያልፋል። የሥልጠና ምዘና ላይ ስሙ የሚጠራው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ያስቀመጣቸው ደረጃዎች አራት ናቸው፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተለወጠ ወይ፣ በተቋሙ ላይ ውጤት መጣ ወይ። ፈተናው የሚደርሰው ሁለተኛው ላይ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ከላይ ከጠቀስሁት የቦርድ መዝገብ ይገኛሉ፤ ከሥልጠናው በኋላ የሚመለሱት ፕሮቶኮሎች ቀነሱ ወይ፣ የሚመለሱበት ምክንያት ተቀየረ ወይ። ችግሩን ከመዝገቡ አውጥቶ የጻፈ ሰው መለኪያውም በእጁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ ነገር አለ። የሠልጣኞችን የፈተና ውጤት በመጽሔት ልታሳትሙ ካሰባችሁ ያ ራሱ ምርምር ነው፤ የቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተሳታፊዎቹ የገዛ ተማሪዎቻችሁ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ነጥብ የሚሰጣቸው መምህር «በፈቃዳችሁ ሙሉ» ሲላቸው ማን እምቢ ይላል? መጠይቁን ሌላ ሰው ይሰብስብ፤ ነጥብ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ይከፈት። ቦርዱ ከድጋፉ ገንዘብ የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ ይህን ጥናት ሌላ ቦርድ ቢያየው ይሻላል። ስለ ሥነ ምግባር የሚያስተምር ፕሮጀክት ይህን ሳይጽፍ ካለፈ ገምጋሚው ዐይኑን አያነሣለትም።

በጀቱ ላይ ቆም እንበል፤ የጸሐፊው እውነተኛ ሐሳብ የሚታየው እዚያ ነው። ከጠቅላላው ግማሹ የውሎ አበልና የሐይቅ ዳር ሆቴል አዳራሽ ከሆነ፣ ትረካው ምንም ቢያምር ሰነዱ የሥልጠና ጉዞ ነው። አበል ክፉ ነገር አይደለም፤ ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ የሚመጣ የጤና ባለሙያ መሳፈሪያና ማደሪያ ያስፈልገዋል። ሐዋሳ ውስጥ የሚኖር መምህር ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ለመቀመጥ ለምን እንደሚከፈለው ግን ማስረዳት ይከብዳል። ጠዋት ፈርሞ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የማይመለሰውን ሠልጣኝ ሁላችንም እናውቀዋለን። የግቢውን አዳራሽ ተጠቅማችሁ የተረፈውን ማንም ወደማይጽፋቸው ነገሮች አዙሩት፦ የቦርዱ ጸሐፊ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ፕሮቶኮሎች የሚቆለፉበት ቁም ሣጥን፣ የትርጉምና የመልሶ ትርጉም ክፍያ፣ ቦርዱ መስክ ወጥቶ ጥናቶችን የሚያይበት ነዳጅ። እነዚህ ሲታዩ ጸሐፊው ቢሮውን እንደሚያውቀው ይገባል።

ተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም ተቋሙ ለመብራት፣ ለሒሳብ ክፍልና ለመሳሰሉት የሚወስደው ድርሻ፣ ከለጋሽ ለጋሽ ይለያያል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለውጭ አገር ተቋማት ሲፈቅዱ የኖሩት 8 በመቶ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረቱ ሆራይዘን የምርምር ፕሮግራም ደግሞ 25 በመቶ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ደንብ ስለሚኖረው ሒሳቡን ከፋይናንስ ክፍል ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። የምንዛሬው ጉዳይም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በውጭ ገንዘብ የሚመጣ ድጋፍ የነበረው ሰው በብር ያሰላው ሁሉ ተለወጠበት። በጀቱን በለጋሹ ገንዘብ አስሉ፤ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሬና ቀኑን ከሥሩ ጻፉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ የውጭ ለጋሽ አያውቅም፤ ትልቁን ግዢ ሰኔ ላይ ካደረጋችሁት በሒሳብ መዝጊያ ይያዛል።

ከውጭ አጋር ዩኒቨርሲቲ ጋር ስትሠሩ አስቀድሞ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። መሪ አመልካቹ ማነው? የሚዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት የማን ንብረት ይሆናል? በሚወጣው ጽሑፍ ላይ የማን ስም ይቀድማል? ይህን በኢሜይል ማስፈር ጨዋነት የጎደለው የሚመስላቸው አሉ። ድጋፉ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ግን ይበልጥ ያሳፍራል።

የወረቀቱን ሥራ ባጭሩ ልንገራችሁ። ለአሜሪካ ድጋፍ የተቋም ምዝገባዎች ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ ተብሎ ይመከራል፤ እኔ ሦስት ወር አስቡ እላለሁ። ለአውሮፓ ዩኒቨርሲቲው የራሱ የተሳታፊ መለያ ቁጥር አለው፤ አዲስ ከማውጣት የምርምር ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። የገምጋሚ ቦርዱ የአሜሪካ ምዝገባ በየሦስት ዓመቱ፣ ተቋሙ የጥናት ተሳታፊዎችን ለመጠበቅ ቃል የሚገባበት የዋስትና ሰነድ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ጊዜው ማለፉ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በማመልከቻው ሳምንት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ከዲኑ ስትጠይቁ እናንተ ረቂቁን ጻፉለት፤ ነገር ግን ለሦስት ኮሌጆች አንድ ዓይነት ረቂቅ አትስጡ፤ ሦስቱም አንድ ቃል ሲናገሩ ማንም እንዳላነበባቸው ይታወቃል። እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ የተለየ ነገር ቃል ይግባ፤ ክፍል፣ የመምህር ሰዓት፣ ኮርሱ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ።

ሰዓቱም ያደናግራል። የአሜሪካው ማመልከቻ የሚዘጋው በአመልካቹ ተቋም ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። የአውሮፓው ግን በብራስልስ 17 ሰዓት ስለሚል፣ በነሱ ክረምት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በነሱ በጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ከተማ ግን ሁለቱንም ከሁለት ቀን በፊት እንደሚዘጉ ቁጠሯቸው።

ማመልከቻው ካልተሳካስ? የብዙው ሰው መጀመሪያ አይሳካም። የአሜሪካው ገምጋሚ ቡድን ከ1 እስከ 9 ነጥብ ሲሰጥ 1 ከሁሉ የተሻለው ነው፤ 8 አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ሰው ቢኖር አይገርመኝም። ከነጥቡ ጋር የሚመጣውን የገምጋሚዎች ጽሑፍ በመጀመሪያው ቀን አንብባችሁ አትመልሱ፤ ያኔ ሁሉም ስሕተት ይመስላል። በ37 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ አሻሽሎ ማቅረብ ይፈቀዳል፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ አስተያየት ምን እንደለወጣችሁ የምታስረዱበት ገጽ ይሰጣችኋል። በዚያ ገጽ ላይ ገምጋሚው ተሳስቷል ብላችሁ የምታምኑበትን ነጥብ በአክብሮት መከራከር ትችላላችሁ፤ ግን አንዱን ብቻ ምረጡ። እስከዚያው የቦርዱን መዝገብ በየመንፈቁ እያደሳችሁ ቆዩ፤ ሁለተኛው ማመልከቻ ሲገባ ሠንጠረዡ የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ይሆናል።